ኮዱ ክፍት ሆኖ ውይይቱ ሲዘጋ፦ የመገናኛ መንገድ ስንመርጥ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ክፍት ምንጭ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ሶፍትዌር ለመሥራት የተነሣ ቡድን ከኮዱ በፊት የሚከፍተው የቴሌግራም ግሩፕ ነው። የመገናኛ መንገድ ምርጫውም እዚያው ያልቃል፤ ዳግመኛ የሚያነሣው የለም። በእኔ እምነት አንድ መንገድ መመዘን ያለበት በዚያ ሰዓት በሌለው ሰው ዐይን ነው፦ ኔትወርክ በጠፋበት፣ የሌሊት ተረኛ ሆኖ ባደረ፣ ከዓመት በኋላ በሚቀላቀል ሰው። ብዙዎቹ ስህተቶች የሚመነጩት እሱን ከመርሳት ነው።

ቻትን መዝገብ ማድረግ

ቴሌግራም በራሱ መጥፎ አይደለም። ስልክ ያለው ሁሉ ያውቀዋል፤ አንድ ግሩፕ እስከ 200,000 አባል ይይዛል። ችግሩ የሚመጣው ዕውቀት እንዲያስቀምጥልን ስንጠብቅበት ነው። የዘመን አቆጣጠራችንን የሚያሰላ ፕሮግራም እንውሰድ። ጳጉሜን 5 ቀን ናት፤ በየአራት ዓመቱ፣ ለምሳሌ በ2015 ዓ.ም.፣ 6 ትሆናለች። ፕሮግራሙ ጳጉሜን 6 ላይ የተሳሳተ ቀን ቢያወጣ አንዱ ግሩፑ ላይ ይጠይቃል፣ ሌላው ምክንያቱን አብራርቶ ይመልሳል፣ ችግሩ ይፈታል። በማግሥቱ እንቁጣጣሽ ነው። የ«እንኳን አደረሳችሁ» ካርድና የአደይ አበባ ሥዕል ግሩፑን ያጥለቀልቀዋል፤ ማብራሪያውም ከሥር ይቀበራል። ያው ጥያቄ ተመልሶ የሚመጣው በ2019 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ መልሱን የሰጠው ልጅ ተመርቆ ከከተማው ወጥቶ ይሆናል።

ስለዚህ ቻት ላይ የተገኘ መልስ በዚያው ቀን ጊትሃብ ወይም ጊትላብ (ኮድ የሚቀመጥባቸው ድረ ገጾች) ላይ ወዳለው የችግሮች መዝገብ ይግባ። የሚያስገባው ጠያቂው ራሱ ቢሆን እመርጣለሁ፤ የቱ ላይ እንደተደናገረ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ስላክ የተባለውን የቡድን መወያያ ለመጠቀም ያሰባችሁም ይህን አስቡ፦ ነጻው አገልግሎት ከ90 ቀን በላይ የቆየ መልእክት አያሳይም።

መልሱ እንዴት እንደሚፈለግ አለማሰብ

አማርኛ ጸሐፊዎች እዚህ ላይ የራሳችን ፈተና አለብን። አንዱ «ስህተት» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ስሕተት»፣ ሦስተኛው ደግሞ በላቲን ፊደል እንደመጣለት። ብዙ መፈለጊያዎች ፊደሉን ብቻ ስለሚያስተያዩ አንደኛውን የጻፈ ሰው የሌላውን አያገኝም። ኮምፒውተሩ ያወጣው የስህተት መልእክት ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ እሱን በጽሑፍ ቀድቶ ርእሱ ላይ ማስቀመጥ ችግሩን በብዙ ያቃልላል። ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንሥቶ መላክ ወይም በድምፅ መልእክት መተረክ ለላኪው ይቀላል፤ ነገ ለሚፈልገው ሰው ግን እንደሌለ ነው።

ኔትወርክ ሁልጊዜ አለ ብሎ ማቀድ

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ለጎንደር ሰው መንገር አያስፈልግም። ውይይቱ በሙሉ በቀጥታ የቪዲዮ ስብሰባ የሚካሄድ ቡድን እንዲህ ባለ ጊዜ ይበተናል። ኢሜይል መስመር ባለበት ቦታ ወርዶ ቤት ይነበባል፣ መልሱ ተጽፎ ይቆያል፣ መስመር ሲገኝ ይላካል። የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊትም ያለ ኢንተርኔት ሥራን ለመመዝገብ ያስችላል። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ሊኑክስ፣ የከርነሉ (የሥርዓቱ እምብርት) ሥራ ዛሬም በዋናነት የሚከናወነው በኢሜይል ዝርዝር፣ ማለትም አንድ መልእክት ለአባላቱ ሁሉ በሚደርስበት አድራሻ ነው። ለውሳኔም ቢያንስ አንድ ሳምንት ስጡ፤ ማታ ተነሥቶ ጠዋት የጸደቀ ሐሳብ ከአዘዞ ወዲያ ላለው አባል ሳይደርሰው ያልፋል።

በቡና ላይ መወሰን፣ በውስጥ መስመር መጠየቅ

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ሦስት አስተባባሪዎች ፒያሳ ቡና ሲጠጡ አንድ ነገር ይስማማሉ፤ ማራኪ ካምፓስ ያለው ልጅ ሁለት ሳምንት የደከመበት ሥራ እንደማይፈለግ የሚያውቀው ከጨረሰው በኋላ ነው። ቡናው ይጠጣ፣ ሐሳቡም እዚያው ይፍለቅ፤ ግን ከምክንያቱ ጋር ተጽፎ ለሁሉም ቀርቦ ሳይታይ ውሳኔ አይባል። የአፓቼ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ፕሮጀክቶችም በኢሜይል ዝርዝራቸው ላይ ያልቀረበን ውሳኔ እንደ ውሳኔ አይቆጥሩትም።

ሌላው መዝጊያ ይሉኝታ ነው። ጀማሪው አላዋቂ እንዳይባል ይፈራና «ጋሼ፣ ይቅርታ ላስቸግርዎት» ብሎ በውስጥ መስመር ይጽፋል። ታላቁም ደግ ስለሆነ እዚያው ይመልስለታል። በማግሥቱ ሌላ ጀማሪ ያንኑ ይጠይቀዋል። «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግሩፑ ላይ ጠይቀውና እዚያው እመልስልሃለሁ» ማለት ይበቃል። ታላላቆችም የማያውቁትን በአደባባይ ሲጠይቁ ታናናሾቹ ይደፍራሉ።

ለአሥር ሰው አራት መንገድ መክፈት

ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ዲስኮርድና ማትሪክስ በአንድ ሳምንት ሲከፈቱ ጠያቂው የቱ ጋ ሰው እንዳለ አያውቅም። አንድ የመወያያ፣ አንድ የመዝገብ ቦታ ይበቃል።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ብቻ መጻፍ

«ማክሰኞ ማታ 2 ሰዓት» ለእኛ ግልጽ ነው። ናይሮቢ ያለ ተባባሪ ግን በእኛው የሰዓት ቀጠና ውስጥ ሆኖም ሊሳሳተው ይችላል። አጠገቡ ዓለም አቀፉን መደበኛ ሰዓት (ዩቲሲን) ጭምር «20:00፣ በዩቲሲ 17:00» ብላችሁ ጻፉ፤ ቀኑንም በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር።

ቁልፉን ለአንድ ሰው መስጠት

በግንቦት 2013 ዓ.ም. ብዙ የክፍት ምንጭ ማኅበረሰቦች የሚወያዩበት ፍሪኖድ የተባለ የቻት አገልግሎት ማን ይቆጣጠረው በሚል ጉዳይ ሲታመስ፣ በፈቃደኝነት ያስተዳድሩት የነበሩ ሰዎች ለቀው ሊቤራ ቻትን መሠረቱ፤ ፕሮጀክቶችም ጓዛቸውን ጠቅልለው ተከተሏቸው። የእኛ ግሩፕ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚንጠለጠለው በአንድ ተማሪ ስልክ ቁጥር ላይ ነው። ሲም ካርዱ ቢጠፋ ማን ይረከባል? ሙሉ ሥልጣን ያላቸው ተጨማሪ አስተዳዳሪዎች ከመጀመሪያው ይሾሙ፤ ባለቤትነቱም ከምርቃት በፊት ይተላለፍ።

የደኅንነት ክፍተትን ግሩፑ ላይ እንዲነገር መተው

ግልጽነት እዚህ ላይ ወሰን አለው። የታካሚ መረጃ በሚይዝ ሶፍትዌር ላይ ቀዳዳ ያገኘ ሰው፣ እስኪደፈን ድረስ የሚያሳውቅበት የተለየ የኢሜይል አድራሻ ያስፈልገዋል። አድራሻው ከኮዱ ጋር በጉልህ ይጻፍ። ሁለት ሰዎች ይከታተሉት፤ አንዱ ፈተና ላይ ሲሆን ሌላው እንዲያየው።