ቤዝ ተጫዋች ሆነህ በራስህ ስም ዘፈን ማውጣት ካማረህ (በኪም ዲል መንገድ)

ጎንደር ውስጥ ቤዝ የሚመታ ልጅ ሁሌ ከኋላ ነው፣ ሰርግም ላይ ፒያሳ ክለብም ሰው የሚያውቀው ዘፋኙንና ኪቦርዲስቱን ነው፣ እና በራሴ ስም ልስራ ስትል መጀመሪያ የሚመጣልህ ባንዱን ጥሎ አልበም መጀመር ነው። ተው፣ ኪም ዲልን እያት።

ኪም ፒክሲስ የሚባለው የአሜሪካ ሮክ ባንድ ቤዚስት የነበረችው ናት፣ የኦሃዮ ዴይተን ልጅ። በ1986 እ.ኤ.አ. ባንዱ ቤዝ ተጫዋች ሲፈልግ እሷ ጊታር እንጂ ቤዝ እንኳን አልነበራትም፣ የእህቷን ተውሳ ገባች። ፒክሲስ ውስጥ እያለች ብሪደርስ የሚባል ሌላ ባንድ አቋቋመች፣ በ2013 ከፒክሲስ ወጣች፣ በዛው ሰሞን በስሟ ትንንሽ ሸክላዎችን ራሷ እያሳተመች ማውጣት ጀመረች። በስሟ ሙሉ አልበም ያወጣችው ግን በ2024 ነው፣ በ63 አመቷ! ስለዚህ ምን ያስቸኩልሃል፣ የሰርጉን ስራ ይዘህ በነጠላ ዜማ ጀምር።

ዋናው ስራ ቤዙን ብቻውን እንዲያወራ ማድረግ ነው። የፒክሲስን ጃይጋንቲክ የሚል ዘፈን ስማው፣ የሚከፍተው ቤዙ ነው ከዛ የሷ ድምፅ ይገባል፣ ጣት የሚያጣምም ነገር የለውም። አዝማሪው ባንድ ጭራ ማሲንቆ ሰርግ ቤቱን ያስጨፍራል፣ አንተ አራት ክር ይዘህ ምን ጎደለህ? በትዝታ ሜጀር ሞክር፦ ከቀጭኑ ክር ስትቆጥር ሦስተኛው ክር ላይ 3ኛ፣ 5ኛ፣ 7ኛ ፍሬት፣ ሁለተኛው ክር ላይ 5ኛና 7ኛ፣ አለቀ፣ ከነዚህ አምስት ኖቶች አራት ባር የሚዞር ነገር ፈልግና በላዩ አንጎራጉር። ድምፅህ ሲገባ ጣትህ ከተደናበረ ኖት ቀንስ እንጂ ግጥሙን አትቁረጥ።

ግጥም ከሩቅ አታምጣ። የኪም አልበም ላይ አር ዩ ማይን የሚል ዘፈን አለ፣ አልዛይመር የያዛት እናቷ ልጇ መሆኗን ረስታ የኔ ነሽ ወይ ብላ ከጠየቀቻት ነው የመጣው። በቃ፣ ቤት ውስጥ የተባለች አንዲት ቃል።

ቀረፃ ላይ፣ ስቱዲዮ በሰአት ስለሚያስከፍል ዘፈኑን ጨርሰህ ግባ። እቤት ከሆነ ከላፕቶፑ በዩኤስቢ የሚሰራ ሳውንድ ካርድ (ቤዙን ከላፕቶፑ የሚያገናኝ እቃ) ይሻላል፣ መብራት ሲሄድ (ይሄዳል!) ባትሪው እስኪያልቅ ትቀዳለህ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሸወድባት፦ ወፍራሙ ክር ክፍቱን ሲመታ 41 ኸርዝ አካባቢ ነው፣ የስልክ ስፒከር ደግሞ እዛ ድረስ አይወርድም፣ ሰዉ ዘፈንህን በስልክ ሲከፍተው ቤዙ የለም ማለት ነው። መላው፣ የቤዙን ትራክ ኮፒ አርግና ኮፒው ላይ ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን ቆርጠህ ትንሽ ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክር ኢፌክት) ጨምርበት፣ ከዋናው ስር በቀስታ አስገባው፣ የጎደለውን ጆሮ ራሱ ይሞላዋል። ኪም በፒክ (በትንሽዋ የክር መምቻ) ስለምትመታም ነው ድምፁ ጠርቶ የሚወጣው፣ አንተም ሞክረው። ከዛ የአዘዞ ባጃጅ ውስጥ አስከፍተህ ስማው፣ እዛ ደግሞ ከጮኸ በጣም ወፍሯል ማለት ነው።

ድራም የመታልህ ጓደኛህ ዜማም ካዋጣ ማን ስንት ፐርሰንት እንዳለው ቴሌግራም ላይ ሳትለቁት በፊት በወረቀት ፈርሙ፣ የቅጅ መብት አዋጁ 410/1996 አለ ግን ወረቀት ከሌለህ ክርክሩ ረጅም ነው።