የስኪያችሁን ሰም ራሳችሁ ቀቡ

የስኪው (የበረዶ መንሸራተቻው) ሆድ፣ ማለትም በረዶ የሚነካው የታች ፕላስቲክ፣ ነጣ ነጣ ካለ ሰም ጠምቶታል ማለት ነው። ዴንቨር ያላችሁ፣ ወደ ተራራው ከመውጣታችሁ በፊት ማታ ጋራዥ ውስጥ ትጨርሱታላችሁ።

ሆዱን ጥረጉና አድርቁ። የስኪ ካውያውን ወደ 120 ዲግሪ ሴልሺየስ አሙቁ፤ ሰሙ ከጨሰ ሙቀቱ በዝቷል፣ ቀንሱት። ሰሙን ካውያው ላይ አስደግፋችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንጠባጥቡ፣ ከዚያ ካውያውን ከፊት ወደ ኋላ ሳታቆሙ ግፉት፣ አንድ ቦታ ከቆመ ፕላስቲኩ ይቃጠላል፣ የተቃጠለ ደግሞ አይመለስም። የልብስ ካውያ ይቅርባችሁ፣ ሙቀቱ ከፍ ዝቅ ይላል።

ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀዝቅዝ። ከዚያ በፕላስቲክ መፋቂያ ፋቁት። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሰሙን ፍቆ ለማንሳት ይሳሳል፤ የሚሠራው ግን ውስጥ የገባው ሰም ነው እንጂ ላዩ ላይ የቀረው አይደለም። በናይለን ብሩሽ ጨርሱ።

የብረት ጠርዙን በጥፍራችሁ ሞክሩት፤ ጥፍሩን በስሱ ካልላጠ ደንዟል፣ ሞረድ ይፈልጋል። ከበረዶ ስትመለሱም በጨርቅ አድርቁት፣ እርጥቡን ቦርሳ ውስጥ ካደረ ይዝጋል።