ግራኞች ኢታሊክ ኒብ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እዚህ ሐዋሳ አብዛኞቻችን ኢታሊክ ኒብ (ወፍራምና ቀጭን መስመር የሚያወጣ የቀለም ብዕር ጫፍ) የምናገኘው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ እጅ ነው። ስለዚህ ምርጫው ከተሳሳተ ሌላ መንገደኛ እስኪገኝ ድረስ ኒቡ መሳቢያ ውስጥ ይከርማል።

ትልቁ ስህተት የራስን እጅ ሳያዩ ኒብ መምረጥ ነው። «ግራኝ ነኝ፤ የቱ ይሻለኛል?» እያሉ ይጠይቁኛል። ግራኝ ሁሉ አንድ ዓይነት አይጽፍማ! አንዱ እጁን ከመስመሩ በታች ያደርጋል፤ ሌላው አንጓውን ቆልምሞ ከላይ ይጽፋል፤ ሦስተኛው ብዕሩን ወደ ጎን ያጋድማል። የኢታሊክ ኒብ አፉ ጠፍጣፋ ስለሆነ የትኛው መስመር እንደሚወፍር የሚወስነው አፉ የሚያርፍበት አቅጣጫ ነው።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሁለት እርሳስ ጎን ለጎን በላስቲክ እሰሩና «ተ» ብላችሁ ጻፉ። ሁለቱም ጫፍ ወረቀቱን ይንካ፤ የኒቡን አፍ ሁለት ዳር ይተኩላችኋል። ቋሚው የተራራቀ ጥንድ መስመር ሆኖ አግዳሚው ከተጠጋጋ አያያዛችሁ ለፊደላችን ይስማማል፤ በብራና መጻሕፍትም የሚወፍረው ቋሚው ነው። ከተገለበጠ መጀመሪያ ወረቀቱን አዙሩ። አንዲት ከጎን የምትጽፍ ተማሪ «ቲቸር፣ ኒቡ ብልሹ ነው» ብላ መጣች። ደብተሯን ወደ ቀኝ አጋደልኩት፣ ክርኗንም ወደ ጎኗ አስጠጋሁላት። በዚያው «ብልሹ» ኒብ የ«ተ» ቋሚ ወፍሮ ወጣ።

ከታች የሚጽፍ ሰው ወረቀቱን ወደ ቀኝ ካጋደለ ለአማርኛ ቀጥ ተደርጎ የተቆረጠ ኒብ ይበቃዋል። በላቲን ፊደል ኢታሊክ የሚባለውን የአጻጻፍ ስልት ለመጻፍ ግን አፉ ከመስመሩ ወደ 45 ዲግሪ ማዘንበል አለበት፤ ኦብሊክ፣ ማለትም አፉ በሰያፍ የተቆረጠ ኒብ፣ የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ጫፉን ከእናንተ አርቃችሁ ከላይ ስታዩት ቀኝ ጎኑ የረዘመውን ውሰዱ። አንጓውን የሚቆለምመው ይህም አያሻውም፤ ቀጥ ያለው ኒብ ለቀኝ እጅ ጸሐፊ እንደሚያርፈው ያርፍለታል።

«ለግራኝ» የሚል ምልክት አይታችሁ ብቻ አትግዙ። የጀርመኑ ብዕር አምራች የላሚ «ኤልኤች» ኒብ ለግራኝ የተሠራ ቢሆንም ኢታሊክ አይደለም።

ጠርዙ ስል የሆነ ኒብም ለጀማሪ አይሆንም። ግራኝ፣ በተለይ ከጎንና ከላይ የሚጽፈው፣ ብዕሩን ብዙ ጊዜ ይገፋል፤ ስሉ ጠርዝ ሲገፋ ወረቀቱን ይቧጥጣል። ማዕዘኑ የተለዘበውን ስተብ ያዙ። የወፍራምና የቀጭኑ ልዩነት ትንሽ ይቀንስ ይሆናል፤ ይቀንስ።

ስፋቱን በተመለከተ ከላሚ 1.1፣ 1.5 እና 1.9 ሚሊ ሜትር ውስጥ ለተራ ደብተር 1.1 ይበቃል። በ1.9 የ«ዐ» ሆድ ይደፈናል።

አንዳንድ ወላጅ ደግሞ «ከኒብ ፍለጋ ቀኝ እጁን ያስለምዱልኝ» ይለኛል። አላደርገውም። ልጁ የሚጽፍበት እጅ አለው።

ቀለሙ ቶሎ የሚደርቅ ይሁን፤ ኢታሊክ ብዙ ቀለም ስለሚያወርድ መዳፍ ያብሰዋል። ለሥዕል የሚሸጠውን ሙጫ ያለበት ጥቁር ቀለም ግን ብዕራችሁ ውስጥ እንዳትሞሉ፤ ውስጡ ደርቆ ይደፍነዋል።