ዳታቤዙ ሲንቀራፈፍ፦ ጥፋቱ የፋይል ሲስተሙ ነው?

ዳታቤዝ ሲንቀራፈፍ ፋይል ሲስተሙ (ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚቀመጡበትን መንገድ የሚያስተዳድረው) ላይ ማላከክ የተለመደ ነው። "ፎርማት ያልተደረገ ፓርቲሽን እንስጠውና ራሱ ያስተዳድረው" ይባላል፤ ሮው ፓርቲሽን (ፋይል ሲስተም የሌለው የዲስክ ክፍል) የሚሉት እሱን ነው። ወደዚያ ከመሄዳችሁ በፊት ምልክቱን እዩ።

ራም ይሞላል፣ ፍጥነት ግን የለም

ብዙ ጊዜ መንስኤው ድርብ ካሽ ነው። ዳታቤዙ ራም ላይ የያዘውን ገጽ (ዳታው የሚነበብበትና የሚጻፍበት አነስተኛ ክፍል) ኦፕሬቲንግ ሲስተሙም ደግሞ ይይዘዋል። ማይኤስኪውኤል ላይ የኢኖዲቢን (ዳታውን የሚያስቀምጠው የማይኤስኪውኤል ክፍል) ፍለሽ ሜተድ "ኦ ዳይሬክት" አድርጉት፤ ዳታው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ካሽ ሳይነካ ይነበባል፣ ይጻፋል። ሰው ከሮው ፓርቲሽን የሚፈልገው ዋናው ጥቅም ይኸው ነው፤ በአንድ መስመር ሴቲንግ ተገኘ። ፖስትግሬስ ግን በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ካሽ ላይ የሚተማመን ነው፤ ሮው ፓርቲሽንንም ጭራሽ አይቀበልም። እሱ ላይ ሼርድ በፈርስን (የዳታቤዙን የራሱን ካሽ መጠን) ከራሙ 25 በመቶ አካባቢ አድርጋችሁ ጀምሩ።

መጻፍ እያደር ይከብዳል

ፋይል ሲስተሙ ቢቲአርኤፍኤስ ወይም ዜድኤፍኤስ ነው? እነዚህ አንድ ገጽ ሲቀየር አሮጌው ላይ አይጽፉም፤ ሌላ ቦታ አዲስ ይጽፋሉ። ለዳታቤዝ ፋይል ይህ ጣጣ አለው። ዜድኤፍኤስ ላይ ሬከርድ ሳይዙ (በአንድ ጊዜ የሚጽፈው የዳታ ክፍል ትልቁ መጠን) ካልተነካ 128 ኪሎባይት ነው፣ የኢኖዲቢ ገጽ ደግሞ 16። ለትንሿ ገጽ ትልቁ ሬከርድ እንደገና ይጻፋል። ወደ 16 አውርዱት፤ ለውጡ የሚሠራው ግን ከዚያ በኋላ በሚፈጠሩ ፋይሎች ላይ ብቻ ስለሆነ የድሮውን ፋይል ኮፒ ማድረግ አለባችሁ። ቢቲአርኤፍኤስ ላይ ይህን አሠራር ባዶ ፎልደር ላይ ማጥፋት ይቻላል፣ ቼክሰሙ (ዳታው መበላሸቱን የሚያጣራው ቁጥር) ግን አብሮ ይጠፋል። ለእኔ ኤክስኤፍኤስ ወይም ኤክስት4 የሚባለው ፋይል ሲስተም ይቀላል።

ሮው ፓርቲሽን ላይ ናችሁ፣ ዳታ አልገባም ይላል

ኢኖዲቢ ከሆነ የዳታ ፋይሉ ሴቲንግ "ኒውሮው" ላይ ቀርቶ ይሆናል። ይህ ፓርቲሽኑን ለማዘጋጀት ብቻ ነው። ሰርቨሩን አቁሙ፣ "ሮው" ብላችሁ ቀይሩ፣ አስነሡ።

ማሽኑ ሪስታርት ከተደረገ በኋላ ዳታቤዙ አልነሣም ይላል

ሮው ፓርቲሽን ላይ ከሆናችሁ የዲስኩ ባለቤትነት ወደ ሩት (የሲስተሙ ዋና አስተዳዳሪ) ተመልሶ ይሆናል። በእጅ የሰጣችሁት ፈቃድ ሪስታርት ሲደረግ አይቆይም፤ ዩዴቭ (ሊኑክስ ላይ ዲስኮችን የሚሰይመውና ፈቃዳቸውን የሚያወጣው) ላይ ሩል ጻፉለት። ዲስኩንም በቋሚ መለያው ጥሩት፤ ኤስዲቢ የነበረው ነገ ኤስዲሲ ሊሆን ይችላል።

ባክአፑ ውስጥ ዳታ የለም

ፋይል የሚቀዳ ባክአፕ ሮው ፓርቲሽንን አያየውም። የዳታቤዙን የራሱን የባክአፕ መሣሪያ ተጠቀሙ። ለሥራ ባልደረቦቻችሁም ንገሯቸው፤ ፓርቲሽኑ ባዶ ስለሚመስል አንዱ ፎርማት እንዳያደርገው።

ኦራክል ላይ ያላችሁ ደግሞ ከቨርዥን 12ሲ ጀምሮ ሮው ዲቫይስን በቀጥታ መጠቀም ስለቀረ መንገዳችሁ ኤኤስኤም (የኦራክል የራሱ የዲስክ ማስተዳደሪያ) ነው።