ክራር በፒካፕ ሚክሰር ላይ ስትሰኩ

ክራራችሁ ላይ ፒየዞ ፒካፕ (ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ ሲግናል የሚቀይር ተለጣፊ) ለጥፋችሁ ቀጥታ በጃክ ሚክሰር ላይ ስትሰኩት ድምፁ ቀጥኖ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ካለ ፒካፑን አትጣሉት፣ ፒየዞ 1 ሜጋኦም አካባቢ ኢምፒዳንስ (ለሲግናሉ ያለው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ) ያለው ኢንፑት ነው የሚፈልገው፣ የሚክሰር ላይን ኢንፑት ደሞ ብዙ ጊዜ 10 ኪሎኦም አካባቢ ስለሆነ ቤዙን ይበላዋል። መፍትሄው አክቲቭ ዲአይ ቦክስ (በክራሩና በሚክሰሩ መሀል ገብቶ ሲግናሉን የሚያስማማ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሣጥን) ነው፣ ከምንም በፊት እሱን ግዙ እላለሁ፣ ለኪቦርድ ግን ኤሌክትሪክ የማይፈልገው ፓሲቩ ይበቃል።

ከክራሩ እስከ ዲአዩ አጭር ጃክ፣ ከዚያ እስከ ሚክሰሩ ረጅም የማይክ ኬብል። ቻናሉን ሚዩት አድርጋችሁ ሚክሰሩ ላይ ያለውን 48 ቮልት (በማይክ ኬብሉ ለዲአዩ ኤሌክትሪክ የሚልከውን) አብሩት፣ ከዛ መድረክ ላይ የምትመቱትን ያህል ጠንከር አርጋችሁ እየመታችሁ ቀዩ መብራት እስኪነካ ጌይን (የሚገባውን ሲግናል የሚያጎላውን) ጨምሩና ትንሽ መልሱት።

እምምም የሚል ድምፅ ካለ ዲአዩ ላይ ግራውንድ ሊፍት የሚለውን ተጫኑ። እባካችሁ የመብራት ሶኬት ግራውንድ እንዳትቆርጡ፣ ሰው ይገድላል!

ስፒከር ሁሌም መጨረሻ ይበራል፣ ሲጠፋ መጀመሪያ ይጠፋል። ሞኒተሩ (ተጫዋቹ ራሱን የሚሰማበት ስፒከር) ክራሩ ሆድ ላይ ፊት ለፊት ካነጣጠረ መጮህ ይጀምራል፣ ወደ ጎን ዞር አርጉት። ቤት ለመለማመድ ሄድፎን ያለው ትንሽ ሚክሰር በቂ ነው።