ሳር ማጨጃው ዘይት ከጠጣ በኋላ ለምን ያጨሳል? ችግርና መፍትሄው

ማሽኑ ነጭ ጭስ ሲያወጣ ብዙ ሰው «ሞተሩ አለቀለት» ብሎ ይደመድማል። አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ምንም አልሆነም። ዘይቱ በዝቶበት ነው።

አሜሪካ ውስጥ ቤት የገዛ ሐበሻ ሳርም አብሮ ገዝቷል። ሳሩ ካደገ የሰፈሩ ማኅበር ደብዳቤ ይልካል፤ ያ ደብዳቤ ደግሞ ደስ አይልም። ስለዚህ ማሽን ይገዛል፣ ከመደብሩ አንድ ጠርሙስ ዘይት ያነሳል፣ ቤት ሲደርስ ሙሉውን ይገለብጠዋል። ጣጣው እዚህ ይጀምራል። ጠርሙሱ አንድ ኳርት ነው፤ 32 አውንስ፣ ማለትም 946 ሚሊ ሊትር። እየተገፋ የሚያጭድ ማሽን ግን አብዛኛው የሚይዘው ከ15 እስከ 20 አውንስ ነው፤ ግማሽ ሊትር ገደማ። ተቀምጠው የሚነዱት ሌላ ነው፣ ከአንድ ኳርት በላይ የሚወስዱ ብዙ ናቸው። የእናንተው ልክ መመሪያው ላይ ተጽፏል።

ነጭ ወይም ሰማያዊ ጭስ

መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ምላጩን ለማጽዳት ማሽኑን አጋድማችሁት ነበር? ከሆነ ዘይቱ ወደ ሲሊንደሩ ወይም ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቅለው ካርቡሬተር ፈሷል። ልኩ ትክክል ከሆነ ደልዳላ ቦታ ላይ አስነሱትና ጥቂት ደቂቃ ይሥራ፤ የገባውን አቃጥሎ ይጠራል። ለወደፊቱ ስታጋድሉት የአየር ፊልትሮው ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን። ስትሞሉ ማርሚታው ላይ የተንጠባጠበ ዘይትም እንዲሁ ጥቂት አጭሶ ያቆማል።

ሁለቱም ካልሆነ ዘይቱን ለኩ። ሲበዛ በውስጥ የሚሽከረከረው ብረት ይደበድበዋል፣ አረፋ ይሆናል፣ በሞተሩ መተንፈሻ በኩል ወደ አየር መግቢያው ወጥቶ ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል።

አለካኩ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ማሽኑ ደልዳላ ቦታ ይቁም፤ ተዳፋት ሳር ላይ የተለካ ዘይት ውሸት ይናገራል። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ይቆይ፣ ዘይቱ ወደ ታች ይውረድ። ከመሙያው ክዳን ጋር የተያያዘውን መለኪያ አውጡ፣ በጨርቅ ጥረጉ፣ መልሳችሁ አስገቡ። አሁን ክዳኑ ይጠበቅ ወይስ አይጠበቅ? እንደ ሞተሩ ነው። ብሪግስ ኤንድ ስትራተን ሞተሮች ላይ በአብዛኛው እስከ መጨረሻው አጥብቃችሁ ነው የምታነቡት። ሆንዳ ላይ ደግሞ ሳታዞሩ አሳርፋችሁት ብቻ ታነባላችሁ። ብሪግሱን ሳያጠብቅ የለካ ሰው «ጎድሏል» ብሎ ይጨምርበታል፣ ያጨሳል። ሆንዳውን አጥብቆ የለካ ደግሞ ሳይሞላ «ሞልቷል» ይላል። እኔ ሁለተኛውን የበለጠ እፈራዋለሁ፤ የበዛ ዘይት ጭሶ ያሳብቃል፣ የጎደለ ግን ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚገድለው።

በዝቶ ካገኛችሁት በመሙያው ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ አስገብታችሁ በትልቅ ሲሪንጅ ሳቡት። ትንሽ ሳቡ፣ ለኩ፣ እንደገና ሳቡ። መለኪያው ላይ ካለው ከላይኛው ምልክት ሲደርስ አቁሙ። የአየር ፊልትሮውንም እዩት። የወረቀት ከሆነና ዘይት ከጠጣ ቀይሩት፤ አይታጠብም። የስፖንጅ ከሆነ በሳሙና አጥባችሁ በደንብ አድርቁት።

ገመዱ አልሳብ ሲል

በጉልበት አትጎትቱት። የእጀታውን ዘንግ ጨብጣችሁ እንደሆነ አረጋግጡ፤ ካልጨበጣችሁት ፍሬኑ ሞተሩን ይዞታል። ቀጥሎ የካንዴላውን ገመድ ነቅላችሁ ምላጩ ላይ የታሸገ ሳር እንዳለ እዩ። የካንዴላው ገመድ ሳይነቀል እጃችሁን ወደ ምላጩ አታስጠጉ።

እነዚህ ካልሆኑ ዘይት ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ ይሆናል። ፈሳሽ አይታመቅም፣ ፒስተኑም ወደ ላይ መሄድ ያቅተዋል። ካንዴላውን ፍቱት፣ ቀዳዳው ላይ ጨርቅ ጣሉ፣ ፊታችሁን አርቁ፣ ገመዱን በዝግታ ደጋግማችሁ ሳቡ። ዘይቱ ይተፋል። ካንዴላውን ጠርጋችሁ መልሱ፣ ልኩን አስተካክሉ፣ ከዚያ አስነሱ። መጀመሪያ ላይ ማጨሱ አይቀርም።

ማንም ሳይጨምር ዘይቱ ከፍ ካለ

አሽትቱት። ቤንዚን ቤንዚን ካለ ካርቡሬተሩ ቤንዚኑን መዝጋት አቅቶት ወደ ዘይቱ እያፈሰሰ ነው። እንዲህ ሆኖ አታስነሱት፤ የቀጠነ ዘይት ብረትን ከብረት አይጠብቅም። ካርቡሬተሩ ይጠገን፣ ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ይቀየር። ዘይቱን ብቻ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው፣ በማግስቱ እዚያው ትመለሳላችሁ።

ማንኳኳት፣ ከልክ በላይ መጋል፣ ድንገት መቆም

ዘይት ጎድሏል ወይም ጭራሽ የለም። ብዙዎቹ አዳዲስ ማሽኖች ያለ ዘይት ነው የሚሸጡት፤ ጠርሙሱ ካርቶኑ ውስጥ ለብቻው ይቀመጣል፣ ካርቶኑን የጣለ ዘይቱንም ይጥላል። ድምፁን እንደሰማችሁ አጥፉት። ቀዝቅዞ ገመዱ በቀላሉ ከተሳበ ዘይቱን ሞልታችሁ ሞክሩት። ማንኳኳቱ ከቀጠለ ውስጡ ተበልቷል፤ ለትንሽ ማሽን የጥገናው ዋጋ ከአዲሱ ጋር ስለሚቀራረብ ሳትጠይቁ ጋራዥ አታስገቡት።

ስትሞሉ

ሁሉንም በአንዴ አትገልብጡ። አሮጌው ዘይት ሲቀዳ ጥቂት ውስጥ ስለሚቀር መመሪያው ላይ ያለው ልክ ራሱ ሊበዛ ይችላል። ሦስት አራተኛውን ጨምሩ፣ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፣ ለኩ፣ ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ። ዓይነቱ ጠርሙሱ ላይ ይጻፋል፤ ለበጋ ኤስኤኢ 30 (SAE 30) ይበቃል፤ ብርዱ ከ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ግን በእሱ መነሳት ያስቸግራል፣ 10ደብልዩ-30 (10W-30) ይሻላል። ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ የሚጠጣ ባለ ሁለት ምት ሞተር ከሆነ ይህ ሁሉ አይመለከተውም፤ ዘይት የሚሞላበት ቦታም የለውም።

የቀዳችሁትን አሮጌ ዘይት ክዳን ባለው ጠርሙስ አድርጋችሁ ወደ መኪና መለዋወጫ መደብር ውሰዱት፤ ብዙዎቹ በነጻ ይቀበላሉ።