ፕሮባዮቲክን ከፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ጋር እንዴት መውሰድ ይቻላል?

ኤችአይቪ ወደ ሰውነት በገባባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ክፉኛ የሚያጠቃው በአንጀት ግድግዳ ውስጥ የሚገኙትን የሲዲ4 ሕዋሳት (ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከሉ ነጭ የደም ሕዋሳት) ነው። ግድግዳው ሲዳከም የባክቴሪያ ቅሪቶች ሾልከው ወደ ደም ስለሚገቡ፣ የሰውነት መከላከያ ያለ እረፍት እንደተቀሰቀሰ ይቆያል፤ ሕክምናው ቫይረሱን ከተቆጣጠረ በኋላም ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ አይሽርም። ፕሮባዮቲክ፣ ማለትም በበቂ መጠን ሲወሰዱ ለጤና የሚጠቅሙ ሕያዋን ባክቴሪያዎችና እርሾዎች፣ ትኩረት የሳቡት በዚሁ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ጥናቶቹ በአብዛኛው አነስተኛ ናቸው፤ በአንዳንዶቹ የብግነት ምልክቶች ቢቀንሱም የሲዲ4 ቁጥር በሁሉም ላይ ሲጨምር አልታየም። በመሆኑም ሲዲ4ን ከፍ እንደሚያደርግ እየተነገረለት የሚሸጥ ምርት ሲያጋጥምዎ ይጠራጠሩ፤ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትዎንም በምንም ምክንያት አያቋርጡ።

ምርቱን ከመግዛትዎ በፊት የቅርብ ጊዜ የሲዲ4 ውጤትዎን ይወቁ። ቁጥሩ ከ200 በታች ከሆነ፣ ወይም በትልቅ የደም ሥር ውስጥ የገባ ቱቦ ካለዎት፣ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይጀምሩ፤ አልፎ አልፎም ቢሆን እነዚሁ ተሕዋስያን ወደ ደም ገብተው ከባድ ኢንፌክሽን ማስከተላቸው ተመዝግቧል።

ከዚያ በኋላ በእሽጉ ላይ የተጻፈውን በጥንቃቄ ያንብቡ። አንዱ ዝርያ የሚሰጠውን ጥቅም ሌላው ላይሰጥ ስለሚችል ሙሉ ስሙ፣ ለምሳሌ «ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ ጂጂ» ተብሎ እስከ መጨረሻው መለያ ድረስ መጻፍ አለበት። የሕያዋን ተሕዋስያኑ ብዛት የተገለጸው ምርቱ በተመረተበት ዕለት ከሆነ በመደርደሪያ ላይ እያለ ሊቀንስ ስለሚችል፣ እስከ አገልግሎት ማብቂያው ቀን ያለውን ብዛት የሚገልጸውን መምረጥ ይሻላል። እርጎ የሚመርጡ ከሆነ ደግሞ ከፓስቸራይዝድ ወተት የተሠራና ከረጋ በኋላ እንደገና ያልተሞቀ ይሁን።

ብዙዎች የሚዘነጉት የመድኃኒቶችን መጋጨት ነው። አንዳንድ ምርቶች ካልሲየም፣ ብረት፣ ዚንክ ወይም ማግኒዚየም ተጨምሮባቸው ይሸጣሉ፤ እነዚህ ማዕድናት ዶሉቴግራቪር የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚይዙት፣ ዶሉቴግራቪር እነርሱ ከመወሰዳቸው 2 ሰዓት ቀደም ብሎ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ መወሰድ አለበት። ማዕድን የሌለበትን ምርት መምረጥ ከዚህ ሁሉ ስሌት ያድናል። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎችም ሊገድሉ ስለሚችሉ በመካከላቸው ቢያንስ 2 ሰዓት ማራራቅ ይመከራል፤ ኮትሪሞክሳዞልን በየቀኑ የሚወስዱ ሰዎች ይህን ለፋርማሲ ባለሙያው ይንገሩ። «ሳካሮማይሲስ ቡላርዲ» እርሾ (የፈንገስ ዓይነት) በመሆኑ የፈንገስ መድኃኒት ከሆነው ፍሉኮናዞል ጋር አይሄድም።

የኤችአይቪ መድኃኒትዎ በተቀየረበት ሳምንት አይጀምሩ፤ የሆድ መታወክ ቢከሰት ከየትኛው እንደመጣ ለመለየት ያስቸግራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መጠነኛ የሆድ መነፋት ሊኖር ይችላል። የጀመሩት ለተቅማጥ ከሆነና ተቅማጡ ደም ከተቀላቀለበት፣ ትኩሳት ካስከተለ ወይም ለቀናት ካልቆመ፣ ፕሮባዮቲኩን አምኖ መጠበቅ አደገኛ ነው፤ የሰገራ ምርመራ ያስፈልጋል። ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ከተሰማዎት ፕሮባዮቲኩን አቁመው ወደ ሕክምና ተቋም ይሂዱ፤ እሽጉንም ይዘው ይሂዱ፤ በደም ምርመራ ላይ የሚገኝ ላክቶባሲለስ በናሙና ብክለት የመጣ መስሎ ሊታለፍ ስለሚችል ሐኪሙ የሚወስዱትን ዝርያ በስሙ ማወቅ አለበት።